ዳርዊን ስለ ጥንቸልና ስለ ዘመድ ርቢ የጻፋቸው ሁለት ምዕራፎች

በቤቱ ጓሮ አንድ አውራና ሦስት እንስት ጥንቸሎች ይዞ የሚያረባ ሰው ዓመት ሳይሞላው አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ይኸውም አውራውን ከገዛ ሴት ልጆቹ ጋር ያገናኘው ወይስ ሌላ አውራ ፍለጋ ይሂድ የሚል ነው። ምክር ቢጠይቅ ሁለት ዓይነት መልስ ያገኛል። አንዱ መካሪ የዘመድ ርቢ ዘር ያጠፋልና ከቶ አታድርገው ይለዋል። ሌላው ደግሞ ስመ ጥር የሆኑት የጥንቸል ዓይነቶች የተገኙት ዘመድን ከዘመድ በማገናኘት ነውና አትፍራ ይለዋል። ሁለቱም መልሶች አዲስ አይደሉም። ቻርልስ ዳርዊን በ1868 ዓ.ም. በሎንዶን ባሳተመውና እንስሳትና ዕፅዋት በሰው እጅ ሲለምዱ ስለሚያሳዩት ለውጥ በሚናገረው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ውስጥ፣ ለሁለቱም ክርክሮች የሚሆን ማስረጃ ተጽፎ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጽሐፉ አራተኛ ምዕራፍ ስለ ለማዳ ጥንቸል ነው። በሁለተኛው ቅጽ የሚገኘው ዐሥራ ሰባተኛው ምዕራፍ ደግሞ ባዕድን ከባዕድ ማዳቀል ስለሚሰጠው ጥቅምና የቅርብ ዘመድን ማራባት ስለሚያመጣው ጉዳት ይናገራል። እኛ ያሰብነው እነዚህን ሁለት ምዕራፎች ፊት ለፊት አቀምጠን ለማንበብ ነው። እስከምናውቀው ድረስ መጽሐፉን የሚያነሡ ሰዎች ወይ አንዱን ወይ ሌላውን ይጠቅሳሉ እንጂ ሁለቱን አያገናኙም። ደራሲው ራሱም አላገናኛቸውም። ነቀፌታችንም በዚሁ ላይ ነው፤ በዐሥራ ሰባተኛው ምዕራፍ ለጠፋበት ቁልፍ ዋናው ፍንጭ በአራተኛው ምዕራፍ በገዛ ብዕሩ ተጽፎ ተቀምጦ ነበር። ነገሩ ለታሪክ ጸሐፊ ብቻ የሚተው አይደለም። ከመካከላችን ብዙዎቹ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ለአርቢ ምክር ሰጭ ይሆናሉና፣ ከሁለቱ መካሪዎች የትኛውን እንደሚመስሉ ከአሁኑ ቢያስቡበት መልካም ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። በቋንቋችን በሜዳችን የሚሮጠውንም የዱር እንስሳ፣ ከውጭ የመጣውንና በሳጥን የሚረባውንም ለማዳ እንስሳ ያው ጥንቸል እንላቸዋለን። ሆኖም ሁለቱ የተለያዩ ፍጥረቶች ናቸው። የዱሩ ልጅ ጠጉር ለብሶና ዓይኑን ከፍቶ ይወለዳል፤ የለማዳው ልጅ ግን ራቁቱንና ዓይኑ ተጨፍኖ በጎጆ ውስጥ ይወለዳል። የለማዳው ክሮሞሶም 44 ሲሆን የዱሩ 48 ነው፤ ስለዚህ አይዳቀሉም። በኦሪት ሕግ ጥንቸል ከማይበሉት እንስሳት መካከል ስለ ተቈጠረች በአገራችን በየቤቱ ማርባት የተለመደ አይደለም፤ የሚያረቡት ጥቂቶቹም መንጋቸው አነስተኛ ነው። የምንጽፈውም ስለዚሁ ስለ ለማዳውና ስለ ትንሹ መንጋ ነው።

ወደ ዐሥራ ሰባተኛው ምዕራፍ እንመለስ። የዳርዊን ማስረጃ በአብዛኛው ከከብት፣ ከበግ፣ ከአሳማ፣ ከዶሮና ከርግብ አርቢዎች የተሰበሰበ ነው። ከሁሉም ይልቅ የሚያስደንቀው ስለ አሳማ የሚናገረው ነው። ራይት የተባለ በሙያው የታወቀ አርቢ አንዱን አውራ አሳማ ከልጁ፣ ከልጅ ልጁ፣ ከዚያም ከሚቀጥለው ትውልድ እያለ እስከ ሰባት ትውልድ አገናኘው። ከተወለዱት ብዙዎቹ መካን ሆኑ፤ ከሚወልዱትም ልጆቻቸው የሚያድጉላቸው ጥቂት ነበሩ፤ ካደጉትም መካከል ጡት መጥባት እንኳ የማያውቁና ቀጥ ብለው መሄድ የማይችሉ ነበሩባቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለት እንስቶች ግን ወደ ባዕድ አውራ ቢወሰዱ ጤነኛ ልጆችን ደጋግመው ወለዱ። በዚህ ላይ ዳርዊን አንድ ዝርዝር ይጨምራል፤ በሰባቱ ትውልድ ውስጥ በመልክና በቁመና አንደኛ የነበረችው እንስት የተገኘችው በመጨረሻው ትውልድ ነው። ነገር ግን በዚያ ወሊድ የተወለደችው እርሷ ብቻ ነበረች።

ይህን ዝርዝር መጻፉ የዳርዊንን ታማኝነት ያሳያል። ለክርክሩ የማይመቸውን ነገር አልደበቀም። የዘመድ ርቢን የሚያወድስ አርቢ ያችን አንዲት አሳማ ለትርኢት አቅርቦ ሰባተኛው ትውልድ ከሁሉ በለጠ ሊል ይችላል፤ ቃሉም ሐሰት አይሆንም። የጎደለው የሌሎቹ ቍጥር ነው። በጥንቸል መንጋም እንዲሁ ነው። አንድ ያማረ ወጣት አውራ አይተን የዘሩን ደኅንነት ከመመስከራችን በፊት እናቱ በዚያ ወሊድ ስንት እንደ ወለደች፣ ስንቱ በጎጆ እንደ ቀረ፣ ስንቱ ጡት እስኪተው እንደ ደረሰ መጠየቅ ይገባናል።

ዳርዊን ጉዳቱ ቀስ በቀስ የሚከማች ስለ ሆነ ለማየት አስቸጋሪ መሆኑን፣ የባዕድ ድቀላ ጥቅም ግን ወዲያው የሚታይ መሆኑን ጽፏል። ይህ አስተያየት ከ1868 ዓ.ም. ወዲህ በተደረጉት ምርምሮች ጸንቷል። በአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት ከ1906 ዓ.ም. ጀምሮ ወንድምን ከእኅት እያገናኙ ያረቧቸውን የጊኒ አሳማዎች ሲዌል ራይት መርምሮ በ1922 ዓ.ም. ውጤቱን ሲያወጣ (ይህ ራይት ከአሳማው አርቢ ጋር ስሙ ብቻ ነው የገጠመ)፣ በአማካይ ብርታታቸው ቀንሶ ተገኘ። ሆኖም ቤተሰቦቹ የተጎዱት በአንድ ዓይነት አልነበረም፤ አንዱ በክብደት፣ ሌላው በወሊድ ብዛት፣ ሌላው ልጆቹን በማሳደግ ነበር የደከመው። ሁለት የደከሙ ቤተሰቦች ሲዳቀሉም ልጆቹ በረቱ። በጥንቸል ራሱ ቻይ የተባለው ተመራማሪ በአሜሪካ፣ በባር ሃርበር፣ ወንድምና እኅት በማገናኘት ያካሄደውን ርቢ በ1969 ዓ.ም. ሲያትም የዘመድ ርቢ በመራባት ችሎታና በሞት ብዛት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አሳይቷል።

እንግዲህ ዳርዊን ያየው ነገር እውነት ነው። ችግሩ በምክንያቱ ላይ ነው። በጊዜው የነበሩ ብዙ አርቢዎች የዘመድ ርቢ በራሱ አይጎዳም፤ የሚጎዳው በአባትም በእናትም ያለ የበሽታ ዝንባሌ በልጁ ላይ ሲደራረብ ነው ይሉ ነበር። ዳርዊን ይህን አሳብ በቁም ነገር አንሥቶ መርምሮታል። እንዲህ ያለው መደራረብ ጉዳት እንደሚያመጣ አልካደም። ነገር ግን ለሁሉ በቂ ምክንያት አይሆንም አለ። ሁለት ማስረዳት አቀረበ። አንደኛ፣ በዘመድ ርቢ ከተጎዱት መንጋዎች ብዙዎቹ ሲጀመሩ ምንም በሽታ ያልታየባቸው ጤነኞች ነበሩ። ሁለተኛ፣ ሰውም ሆነ እንስሳ በሽተኛና ደካማ ሆኖ ሳለ በብዛት ሲወልድ እናያለን፤ የዘመድ ርቢ ግን መካንነትን ያመጣል። ስለዚህ ጉዳቱ ከበሽታ መደራረብ የተለየ አንድ ሌላ ነገር መሆን አለበት ብሎ ደመደመ።

ይህ ክርክር ደካማ አይደለም። በዘመኑ ከነበረው ዕውቀት አንጻር መልስ የሚሰጠው ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ዳሩ ግን ክርክሩ የቆመበት መሠረት አንድ ነው፤ በወላጁ ላይ ያልታየ ነገር በወላጁ ውስጥ የለም የሚል ነው። ይህ መሠረት የማያስተማምን መሆኑን ሊያሳየው የሚችለው ምስክር በአራተኛው ምዕራፍ ተቀምጦ ነበር፤ ይኸውም ሂማላያ የተባለው ጥንቸል ነው።

ይህ ጥንቸል ሲወለድ ነጭ ነው፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ጆሮው፣ አፍንጫው፣ እግሮቹና ጅራቱ ይጠቁራሉ። ዳርዊን የዚህን ጥንቸል አመጣጥ ከአርቢዎች ጠይቆ እንደ ጻፈው፣ ብርማ ግራጫ ጥንቸሎች ቺንቺላ ከሚባሉት ጋር ሲዳቀሉ አባትም እናትም የማይመስሉ የሂማላያ ልጆች በድንገት ይወለዳሉ። ከዚህም የሚበልጠው፣ እነዚህ ልጆች እርስ በርሳቸው ቢገናኙ ዘራቸው ሳይለወጥ መቀጠሉ ነው። ዳርዊን ነገሩን ወደ ቀድሞ አያቶች ባሕርይ መመለስ ነው ብሎ ተረጐመው። ትርጕሙ በከፊል ትክክል ነው። ነገር ግን በወላጆቹ አካል ላይ ምልክቱ ያልታየ ባሕርይ በልጁ ላይ ሙሉ ሆኖ እንደሚወጣ በዐይኑ ካረጋገጠ በኋላ፣ ለጠጉር ቀለም የተቀበለውን ለጤንነትና ለመውለድ ችሎታ ለምን ነፈገ? ቀለም ተሰውሮ ከተላለፈ የጥርስ ጉድለት፣ የአጥንት ድካም ወይም መካንነት ተሰውሮ የማይተላለፍበት ምክንያት አልተሰጠም። በዐሥራ ሰባተኛው ምዕራፍ ሊጠየቅ ይገባው የነበረው ጥያቄ ይህ ነበር፤ አልተጠየቀም።

መልሱ ግሬጎር ሜንዴል በ1866 ዓ.ም. ባሳተመው የአተር ጥናት ውስጥ ነበረ፤ ጥናቱን ዓለም ያስተዋለው ግን በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ሐርስት በ1905 ዓ.ም. በእንግሊዝ፣ ካስል ደግሞ በአሜሪካ ሕጉን በጥንቸል ላይ ፈተኑት። እያንዳንዱ ጥንቸል ለእያንዳንዱ ባሕርይ አንዱን ጂን ከአባቱ፣ አንዱን ከእናቱ ይቀበላል። ድብቅ ጂን ብቻውን ሲሆን አይታይም፤ ሁለት ሆኖ ሲገናኝ ይገለጣል። ሂማላያነት ለሙሉ ቀለም ድብቅ ነው። ዛሬ እንደሚታወቀው ይህ ጂን ጥቁር ቀለምን የሚያዘጋጀውን ቲሮሲኔዝ የተባለውን ኤንዛይም የሚሠራ ሲሆን፣ የሂማላያው ዓይነት በሙቅ የሰውነት ክፍል ሥራውን ያቆማል፤ በቀዝቃዛዎቹ በጆሮ፣ በአፍንጫና በእግር ጫፍ ላይ ብቻ ይሠራል።

በዚህ ዐይን ሲታይ የዘመድ ርቢ አዲስ ጉድለት አይፈጥርም፤ ያለውን ያገናኛል። ዘመዳሞች ከአንድ አያት የወረዱ ስለ ሆኑ የዚያን አያት አንዱን ድብቅ ጂን ሁለቱም ይዘው የመገኘታቸው ዕድል ሰፊ ነው። ለመውለድ ችሎታና ለብርታት አስተዋጽኦ የሚያደርጉት ጂኖች እጅግ ብዙ፣ የእያንዳንዳቸውም ድርሻ ትንሽ ስለ ሆነ፣ ጉዳቱ ዳርዊን እንዳለው ቀስ በቀስ ይከማቻል። መካንነቱም ቢሆን ከሌላው ጉድለት የተለየ ምስጢር አይሆንም።

ይህ ልዩነት ለአርቢው ምን ይጠቅመዋል ቢባል፣ የሞተበትን ልጅ ምክንያት በትክክል እንዲለይ ያደርገዋል። ሁለት ምሳሌ እንስጥ። በ1919 ዓ.ም. በፈረንሳይ፣ በሳርት አውራጃ፣ ኩሎንዤ በምትባል መንደር ጠጉራቸው አጭርና እንደ ከፋይ የለሰለሰ ጥንቸሎች ከተራ ወላጆች ተወለዱ። አባ ዢሌ የተባሉት የመንደሩ ቄስ ዘመድን ከዘመድ እያገናኙ ዘሩን አጸኑት፤ ዛሬ ሬክስ የሚባለው ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሬክሶች ግን ደካሞች ነበሩ፤ የበረቱት በኋላ ከሌሎች ዘሮች ጋር ከተዳቀሉ ወዲህ ነው። የተፈለገው ጠጉርና ያልተፈለገው ድካም በአንድ በር ገቡ ማለት ነው። ሁለተኛው መካሪ የሬክስን ውበት ሲጠቅስ ይህን የታሪኩን ግማሽ መተው የለበትም።

የመጀመሪያውም መካሪ የሚሳሳትበት አለ። ድንክ የሚባሉት ትንንሽ የቤት ጥንቸሎች አንድ የድንክነት ጂን የያዙ ናቸው። ድንክ ከድንክ ጋር ሲገናኝ በአማካይ ከአራቱ ልጆች አንዱ ጂኑን በሁለት እጥፍ ይወርሳል፤ እጅግ ትንሽ ሆኖ ይወለድና በጥቂት ቀን ውስጥ ይሞታል። በ2017 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ጉድለቱ በአንድ ጂን ላይ የደረሰ መቆረጥ መሆኑን አሳይቷል። እዚህ ላይ ባዕድ አውራ ማምጣት ምንም አይፈይድም። የመጣው አውራ ከአገር ማዶ ቢመጣ እንኳ ድንክ እስከ ሆነ ድረስ ከአራቱ አንዱ ይሞታል። የሚያድነው ድንኩን ጂኑን ከሌለው ጋር ማገናኘት ነው። በዘመድ ርቢ ላይ የሚጫነው ኀጢአት ሁሉ የእርሱ አይደለም።

አሁን የሁለተኛው መካሪ ታላቅ ምሽግ ወደ ሆነው ታሪክ እንምጣ። እርሱም እዚያው አራተኛው ምዕራፍ ውስጥ ነው። በ1418 ወይም በ1419 ዓ.ም. አንድ የፖርቱጋል መርከብ በጉዞ ላይ የወለደች አንዲት እንስት ጥንቸል ይዞ ነበር፤ እናቲቱም ልጆቿም በፖርቶ ሳንቶ ደሴት ላይ ተለቀቁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጥንቸሎቹ ከመብዛታቸው የተነሣ ሰፋሪዎቹ ደሴቲቱን ለቅቀው እስከ መሄድ ደረሱ። ዳርዊን የእነዚህን ዘሮች አጥንት ለካ፤ ከእንግሊዝ የዱር ጥንቸል ይልቅ አጫጭር ሆነው ክብደታቸው ግማሽ ያህል ብቻ መሆኑን ጻፈ። በሎንዶን የእንስሳት መጠበቂያ በሕይወት የነበሩት ሁለት ወንዶች እጅግ ዱረኞች ስለ ነበሩ ከሌላ ዘር እንስት ጋር ለማገናኘት ቢሞከርም አልሆነም። ከዚህ ተነሥቶ በአራት መቶ ዓመት ተኩል ያህል ጊዜ አዲስ ዓይነት ሊወለድ ምንም አልቀረውም እስከ ማለት ቀረበ።

በዚህ ክፍል ሁለት ነገር እንነቅፋለን። ከቀላሉ እንጀምር። ማነጻጸሪያው ትክክል አልነበረም። በአትላንቲክ ደሴቶች የሚገኘው ጥንቸል በደቡብ ምዕራብ አይቤሪያ የሚኖረው አልጊረስ የተባለው ንኡስ ዘር መሆኑ ዛሬ ይታወቃል፤ ይህም በተፈጥሮው ከሰሜኑ ያነሰ ነው። የእንግሊዙ ጥንቸልና ለማዳዎቹ ዘሮች ግን የሌላው ንኡስ ዘር ልጆች ናቸው። ዳርዊን በደሴቲቱ ላይ ደረሰ ያለው ማነስ፣ ቢያንስ በከፊል፣ ከመርከቡ ጋር የመጣ ነው።

ከባዱ ነቀፌታ ሌላ ነው። ታሪኩ እንደ ተነገረው ከሆነ የፖርቶ ሳንቶ ጥንቸሎች ሁሉ የአንዲት እናት ዘር ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ግንኙነቶችም በወንድምና እኅት ወይም በእናትና ልጅ መካከል ነበሩ። የዘመድ ርቢ ጎጂ ነው ብሎ አንድ ሙሉ ምዕራፍ የሚጽፍ ሰው፣ በዚያው መጽሐፍ ውስጥ የመዘገበው ይህ መንጋ እንዴት ደሴት እስኪያስለቅቅ ድረስ እንደ በዛ መጠየቅ ነበረበት። እኛ እንደምንገምተው መልሱ በሞቱት ላይ ነው። በደሴቲቱ ጠላት ሳይኖርባቸው ሣሩ ሰፊ ስለ ነበር ብዙ ሺህ ተወለዱ፤ ድብቅ ጉድለቱ የተገለጠባቸው ሞቱ፤ ከሞቱት ጋር ጉድለቱም ከመንጋው እየጠራ ሄደ። የሞቱትን የቈጠረ የለም። መርከበኞች በየደሴቱ ጥንቸል መልቀቅ ልማዳቸው ነበር፤ ዘሩ የጠፋበት ደሴት ግን በመጽሐፍ ምዕራፍ አይጻፍለትም።

ዳርዊን በዐሥራ ሰባተኛው ምዕራፍ የጠቀሳቸው የቺሊንግሃም ነጭ ከብቶችም የዚሁ ዓይነት ምስክር ናቸው። ባለቤታቸው የነበሩት ሎርድ በመውለድ ደካሞች መሆናቸውን አምነው ነበር። ሆኖም ይህ በሰሜን እንግሊዝ የሚገኝ መንጋ በ1947 ዓ.ም. ክረምት ወደ 13 ከብት ከወረደ በኋላ ባዕድ ሳይገባበት እንደ ገና በዛ፤ በ2001 ዓ.ም. በታተመ ምርመራም ከብቶቹ በጂናቸው አንድ ዓይነት ለመሆን ጥቂት የቀራቸው ሆነው ተገኙ። ሄለን ዲን ኪንግ በፊላዴልፊያ ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ ወንድምና እኅት አይጦችን 25 ትውልድ ያህል ስታገናኝ መንጋዋ አልደከመም፤ ነገር ግን በየትውልዱ ከብዙዎቹ መካከል ጠንካሮቹን እየመረጠች ነበር። ደሴቲቱ በሞት ያደረገችውን ሊቋ በምርጫ አደረገችው። በአራት ሳጥን የሚያረባ ሰው ሁለቱም የሉትም። ልጆቹ ጥቂት ስለ ሆኑ ለመምረጥ አይበቁም፤ እንዲሞቱ ትቶ ማየትም አይገባውም።

እግረ መንገዳችንን ስለ ደም አንድ ቃል እንጨምር። አርቢዎች እስከ ዛሬ አዲስ ደም ማስገባት ይላሉ፤ እኛም በቋንቋችን የደም ዝምድና እንላለን። የዳርዊን የአጎት ልጅ ሊባል የሚችለው ፍራንሲስ ጋልተን በ1871 ዓ.ም. የብርማ ግራጫ ጥንቸሎችን የሌላ ዓይነት ጥንቸል ደም ሰጥቶ አራባቸው። ልጆቹ ሁሉ እንደ ወትሮው ብርማ ግራጫ ሆኑ። ዳርዊን ስለ ደም የጻፍሁት አንዳች ነገር የለም ብሎ ቢመልስም፣ ውርስ በደም እንደማይጓዝ ያሳዩት እነዚያ ጥንቸሎች ናቸው። ነገሩ በዳርዊን ቤትም ውስጥ የገባ ጥያቄ ነበር፤ በ1839 ዓ.ም. ያገባት ኤማ ዌጅዉድ የአጎቱ ልጅ ነበረች፤ ከዐሥር ልጆቻቸውም ሦስቱ በልጅነታቸው ሞተዋል። በ1871 ዓ.ም. የሕዝብ ቈጠራ ስለ ዘመዳሞች ጋብቻ ጥያቄ እንዲገባ በጓደኛው በኩል ቢያሳስብ ምክር ቤቱ አልተቀበለም። ቍጥር የሌለው ክርክር እንደማይቋጭ ያውቅ ነበር ማለት ነው፤ በጥንቸሎቹ ላይ ግን ያን ቍጥር አልጠየቀም።

ከእኛ ወገን የሆነ አንባቢ ምናልባት ለጥንቸልም ሰባት ቤት ይቈጠርላት ይል ይሆናል። ሒሳቡን እናድርገው። ራይት በ1922 ዓ.ም. ባወጣው አቈጣጠር መሠረት የወንድምና የእኅት ወይም የአባትና የልጅ ግንኙነት የሚያስገኘው የዘመድ ርቢ መጠን 25 በመቶ ነው፤ በአባት ወይም በእናት ብቻ የሚገናኙት 12.5፤ የአጎት ልጆች 6.25 በመቶ ነው። የጋራ አያቶቻቸው በሰባተኛው ትውልድ የሚገኙ ሁለት ሰዎች ቢጋቡ በልጃቸው ላይ የሚደርሰው ከ16,384 አንድ ብቻ ነው። የአባቶቻችን ሥርዐት ጥንቁቅ ነበር። ጥንቸል ግን የምታረግዘው 31 ቀን ያህል ነው፤ በስድስት ወር ዕድሜዋ ለመውለድ ትደርሳለች፤ ሰባቱ ትውልድ በአራት ዓመት ውስጥ ያልፋል። አንድ አውራ ባለበት ጓሮ የተወለዱት ሁሉ በአባት ወንድማማችና እኅትማማች ናቸው። የሚቈጠር ቤት የለም።

ስለዚህ ለትንሽ መንጋ የሚጠቅመው ሌላ ሒሳብ ነው። በየትውልዱ የሚጨምረው የዘመድ ርቢ መጠን በግምት አንድን ለአውራዎቹ ቍጥር ስምንት እጥፍ፣ አንድን ደግሞ ለእንስቶቹ ቍጥር ስምንት እጥፍ አካፍሎ ሁለቱን በመደመር ይገኛል። አንድ አውራና ሦስት እንስት ከሆኑ 16.7 በመቶ ይሆናል። እንስቶቹን ወደ አምስት ብናሳድጋቸው ወደ 15 ይወርዳል እንጂ ብዙ አይለወጥም፤ እንስቶቹ መቶ ቢሆኑ እንኳ አውራው አንድ እስከ ሆነ ድረስ ከ12.5 በታች አይወርድም። ያንኑ ስድስት ጥንቸል ሦስት አውራና ሦስት እንስት ብናደርገው ግን 8.3 በመቶ ይሆናል። አርቢ ሁሉ ቀለብ ይፈጃል ብሎ የሚያርደው ትርፍ አውራውን ነው፤ ዘሩን በይበልጥ የሚጠብቀውም እርሱ ነው። ሁለት ሦስት ጎረቤቶች አውራዎቻቸውን ቢለዋወጡ ያለ ተጨማሪ ቀለብ ይኸው ጥቅም ይገኛል፤ የተለዋወጡት አውራ በሽታ ይዞ እንዳይገባ ግን ለጥቂት ሳምንት ለብቻው ማቆየት ያስፈልጋል።

የዘመድ ርቢ ሌላ አገልግሎትም አለው፤ ይህን ከሁለቱ መካሪዎች አንዱም አያነሣውም። ድብቁን የሚያወጣ ከሆነ ለመመርመሪያ ይሆናል። የጥንቸል የፊት ጥርስ ዕድሜ ልኩን ያድጋል፤ ላይኛውና ታችኛው ካልተገጣጠሙ አይሞረድም፤ እየረዘመ ሄዶ እንስሳው መብላት ያቅተዋል። በመቀጥቀጥ ወይም ሽቦ በመንከስ የሚመጣ ጉዳት መኖሩ ሳይረሳ፣ የታችኛው መንጋጋ ወደ ፊት የሚወጣበት ዓይነት በድብቅ ጂን የሚወረስ ነው፤ ጂኑን በሁለት እጥፍ ከያዙትም ጥቂቶቹ ሳያሳዩት ይቀራሉ። አንድ አውራ ተሸካሚ መሆኑ ቢጠረጠር፣ ቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ ከወለደች እንስት ጋር ማገናኘት ይቻላል። ተሸካሚ ከሆነ ስምንት ልጅ ተወልዶ ሁሉም ደኅና የመሆኑ ዕድል 10 በመቶ ያህል ነው፤ ዐሥራ ስድስት ቢወለዱ 1 በመቶ ይሆናል። እንዲህ ያለች እንስት ከሌለች ከአራት ሴት ልጆቹ ጋር ቢገናኝና እያንዳንዳቸው ስምንት ቢወልዱ፣ ተሸካሚ ሆኖ ሳለ ሳይታወቅበት የሚያመልጠው 9 በመቶ ያህል ጊዜ ነው። ከልጆቹ ጋር የሚደረገው ፈተና ስሙን የምናውቀውን ጉድለት ብቻ ሳይሆን የማናውቀውንም ያወጣል። ዋጋው ግን ጉድለቱ የወጣባቸው ልጆች ናቸው፤ እነርሱ ሳይሠቃዩ ቶሎ እንዲወገዱ የማያደርግ አርቢ ፈተናውን ባይጀምረው ይሻላል። ጉድለቱ ጡት ከተዉ በኋላም ሊታይ ስለሚችል ልጆቹ ሳይመረመሩ መሸጥ የለባቸውም፤ በመዝገቡም ላይ የአባትና የእናት ስም፣ የተወለዱት፣ ሞተው የተወለዱት፣ ጡት እስኪተዉ የደረሱትና ጥርሳቸው የተበላሸው ቍጥር በየወሊዱ ለየብቻው ይጻፋል።